ተረኛው ትእዛዝ

«ርብቃ፣ መጀመሪያ አድራሻውን እኮ ነው የምትሰጪው!» አለች ሕሊና።

ርብቃ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በቀይ የስህተት ጽሑፍ ተሞልቷል። ሕሊና ግራ ገባት። ባለፈው ሳምንት ይህንኑ ፕሮግራም ሞክራ «እንደ ውሃ ነው የጠጣሁት» ያለችው ይህችው ርብቃ አልነበረችም?

ሕሊና በንፋስ መውጫ ከተማ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። የኮምፒውተር ክበቡ ልጆች ያለ ብዙ ድካም ድረ ገጽ እንዲሠሩበት ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አንድ ትንሽ ፍሬምወርክ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ መዋቅር፣ ስትገነባ ሦስት ወር ሆናት። በጣም የምትኮራው በትእዛዞቹ ነው። አንዱ ትእዛዝ ሥራውን ሲጨርስ ያንኑ ገጽ መልሶ ይሰጣል፤ ቀጣዩ በነጥብ ይቀጠልበታል። «ገጽ.አድራሻ.ርዕስ.ጽሑፍ.አቅርብ» እየተባለ እንደ ዓረፍተ ነገር ይነበባል። ስሞቹን በአማርኛ ያወጣችላቸው ራሷ ናት፤ ለካ ጃቫም ፊደላችንን አይጠላም።

ዛሬ ከሰዓት የክበቡ ኃላፊ መምህር ዋለ ሥራዋን በፍላሽ ወስደው ደብረ ታቦር ለሚደረገው የተማሪዎች ውድድር ሊልኩላት ነው። ደንቡ አንድ ነገር ይጠይቃል፦ ሠሪዋ ሳትረዳው ሌላ ተማሪ እንደተጠቀመበት መፈረም አለበት። የፈረመችው ርብቃ ናት።

«ያን ቀን ሠርቶልሽ ነበር አይደል?»

ርብቃ ቀዩን ጽሑፍ ማጥፋት ጀመረች።

«ርቤ?»

«አልሠራልኝም» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ወር ስትለፊ አይቼ እንዴት ልበልሽ? ደግሞ የኔ ድንቁርና መስሎኝ ነው።»

ሕሊና ተናደደች፣ አፈረችም፤ የትኛው እንደሚበልጥ አልለየላትም። ከውሸቱ ይልቅ ያስጨነቃት ግን ሌላ ነው። ይህን ያህል ግልጽ የሆነ ነገር እንዴት አይገባም? ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ስህተት የለበትም። እንደገና አነበበችው። ውሉ ጠፋባት።

«ምኑ ነው ያልገባሽ? ንገሪኝ፣ አልቆጣም» አለች ተቆጥታ።

«ነጥብ በነካሁ ቁጥር አሥራ አራት ትእዛዝ ይደረደርብኛል። ሁሉም ነይ ነይ ይላል፤ ከየቱ ልጀምር? የእናቴ ማኅበር እንኳ ጽዋው ማን ቤት እንዳለ ይታወቃል። የተረከበችው ደግሳ ለሚቀጥለዋ ታስረክባለች። ያንቺ ላይ ግን ሁሉም ተረኛ ነው! እኔ ደብተር ላይ ከርዕስ ነው የምጀምረው፤ ከርዕስ ጀመርኩ፤ ይኸው ቀይ ለበሰብኝ።»

ሕሊና ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ተራውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ኮዱ ለማንም አይናገርም። አድራሻ ሲሰጠው ርዕስን ብቻ ቢያሳይስ? እያንዳንዱ ትእዛዝ ለሚቀጥለው ቢያስረክብስ? ታዲያ ያን ጊዜ ሁሉም ያንኑ ገጽ መመለሳቸው ሊቀር ነው፤ ምን ይመልሱ? የገጹን ቀለም መቀየር የማይፈልግ ሰውስ በየት ያልፋል? ጭንቅላቷ ዞረ። ሲያልቅ አያምር!

መምህር ዋለ ፍላሻቸውን በጣታቸው እያሽከረከሩ ገቡ። «እህሳ ሕሊና፣ ደረሰ? መኪናው መናኸሪያ እየጠበቀኝ ነው።»

ርብቃ ጓደኛዋን ዝም ብለሽ ስጫቸው እያለች በዓይኗ ለመነቻት። ሕሊና ልትሰጣቸው ትችላለች። ደብረ ታቦር ሄዳ ለዳኞቹ የምታሳየው ራሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ከየት እንደሚጀመር ታውቃለች። ማን ይነቃል?

«አልደረሰም ቲቸር» አለች።

«እንዴ! ርብቃ ፈርማ የለም ወይ?»

«አልሠራላትም። የፈረመችው ለኔ ብላ ነው። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ እኔ የሠራሁት ለራሴ ነው።»

ርብቃ አንገቷን ደፋች። መምህር ዋለ ተራ በተራ አዩዋቸው። «መኪናው ይሄዳል እኮ። ሌላው ዙር የሚመጣው ዓመት ነው።»

«ይሂድ» አለች ሕሊና። ወዲያው ቆጫት፤ መልሳ ልትጠራቸውም አሰበች። እሳቸው ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ ወጥተዋል።

አዲሱን እንዴት እንደምትሠራው ሕሊና አሁንም አታውቅም። ወንበሯን ከኪቦርዱ ራቅ አደረገች።

«ርቤ፣ እስኪ ከመጀመሪያው ሞክሪው።»

«ስሳሳትስ?»

«ተሳሳቺ። እኔ ምንም አልናገርም።»

ሕሊና ደብተሯን ገለጠች፤ የርብቃ ጣት ግራ ገብቶት የቆመበትን ቦታ ሁሉ መጻፍ ጀመረች።