ጆሮ ያለው ጊታር

ጊታሩ ተነፈሰ።

ጭራሮ የሚሏት ልጅ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው። መጀመሪያ የሰማችው ዕቃ ጠጋኙ ጋሽ ራዲዮ አስቀድመው የነገሯትን ሹሹታ ነበር፤ ዝናብ ከሩቅ ሲመጣ የሚሰማው ዓይነት። አሁን ግን በሹሹታው መሃል ትንፋሽ አለ። ረጅምና ከባድ፣ የሰው ትንፋሽ።

ጊታሩ ያለው ከግድግዳው ወዲያ፣ በወንድሟ ክፍል፣ በወንድሟ አልጋ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ ማንም የለም። ወንድሟ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። እናቷ ሥራ ላይ ናት፤ የአውቶቡስ ሾፌሩ አባቷም በዚህ ሰዓት መሪ ጨብጦ ከመንገደኛ ጋር ይነታረካል። ቤቱ ጭር ብሏል።

ትንፋሹ ቀስ ብሎ ወደ ዜማ ተለወጠ። አንድ ሰው አፉን ዘግቶ ያንጎራጉራል። ዜማውን ታውቀዋለች፤ ወንድሟ ራሱ የፈጠረው፣ ስም እንኳ ሳያወጣለት የሄደ ዜማ ነው። ድምፁንም ታውቀዋለች። የእሱ ነው።

ዜማው ከፍ፣ ከፍ እያለ ሄዶ ወንድሟ ሁልጊዜ የሚያቆምበት ቦታ ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ አለ።

ጭራሮ ማዳመጫውን አሽቀንጥራ ወደ ጋሽ ራዲዮ ሱቅ በረረች። ግማሽ መንገድ ከሄደች በኋላ ነው አንድ እግር ነጠላ ጫማ ብቻ ማድረጓን ያወቀችው።

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ቤት ነበር። ዓመቱ ሲዘጋ የሙዚቃ ቡድኑ መድረክ ላይ ይወጣል፤ እሷም የወንድሟን ዜማ በወንድሟ ጊታር ልትጫወት ለምና አስፈቅዳለች። ጊታሩ ግን ድምፁ ደካማ ሆነ። «ከበሮው ዋጠሽ እኮ!» አሏት የሙዚቃ አስተማሪዋ። «በዓርቡ ልምምድ ካልተሰማሽ ዜማውን ከዝግጅቱ አወጣዋለሁ፤ እንዳትቀየሚኝ።» ጭራሮ ያን ዕለት ምሳዋን አልበላችም። ያ ዜማ መድረክ ላይ ካልተሰማ ወንድሟ ሁለተኛ የሚሞት መሰላት።

ጋሽ ራዲዮ ራዲዮም፣ ቴሌቪዥንም፣ ጊታርም ይጠግናሉ። ከጊታሩ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ማጉያ ገጠሙላትና «ይኼ ለሙከራ ነው» አሏት። «ጊታሩን ከአምፑ አርቀሽ አስተኚውና ማንም ሳይነካው ምን ያህል እንደሚያንሾካሹክ በማዳመጫ ስሚ። ካልተስማማሽ ሌላ ዓይነት አለ።»

አምፑ፣ የጊታሩ ድምፅ የሚወጣበት ሣጥን፣ እሷ ክፍል ስለነበር ጊታሩን ወንድሟ ክፍል አስተኛችው። ገመዱንም ወንድሟ በግድግዳው ሥር በበሳት ቀዳዳ አሳለፈችው። እሱም ያቺን የበሳት ለዚሁ ነበር፤ አምፑን እህቱ ክፍል ደብቆ ከአባቱ ቁጣ ለማምለጥ። ምን ዋጋ አለው፣ አላመለጠም። ዜማው ከፍ ወደሚለው ቦታ ሲደርስ አባቷ ከሳሎን በኩል ግድግዳውን በቡጢ ይደልቀዋል። «በቃ! ይሄን ቆርቆሮ አቁምልኝ!» ወንድሟም እጁን ከክሩ ላይ ያነሣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን የዜማውን ክፍል ማንም ሰምቶት አያውቅም።

ጋሽ ራዲዮ ያጋጠማትን እያለከለከች ስትነግራቸው አልሳቁም። ከመሳቢያቸው አንድ አሮጌ ፒካፕ አወጡ፤ ከጊታር ክሮች ሥር ተቀምጦ ድምፅ የሚቀበለውን ዕቃ ማለት ነው። ከማጉያ ጋር አገናኙና ጠጋ ብለው «ጭራሮ፣ ሌላኛው ጫማሽ የት ሄደ?» አሉት። ድምፃቸው ቀጥኖ በድምፅ ማጉያው ወጣ።

«አየሽ? የጊታርሽ ፒካፕ በሰም አልተደፈነም። ሽቦው ልል ስለሆነ አጠገቡ የሚወራውን ይሰማል። ዱሮም ይሰማ ነበር፤ አሁን ማጉያው አወጣበት። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባል የለ? ያንቺው ጊታር ይብሳል።»

«ቤቱ እኮ ባዶ ነበር።»

ጋሽ ራዲዮ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና አዩዋት። «ባዶ ቤት አያንጎራጉርም፣ ልጄ።»

ቀጥለው ሌላኛውን ማጉያ አሳዩዋት። «ያ የገጠምኩልሽ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያጎላው። መድረክ ላይ ያፏጭብሻል፤ ሰዉ ጆሮውን ይዞ ይበተናል። ይኼኛው የሚያነሣው ከወፍራሙና ከቀጭኑ መሃል ያለውን ድምፅ ብቻ ነው። ከበሮ መሃል ሰንጥቆ የሚወጣውም እሱ ነው። ግን አብሬ ፒካፑን የቀለጠ ሰም ውስጥ እነክረዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ክሩን እንጂ ሌላ አይሰማም።»

«ሰሙ መልሶ ይወጣል?»

«አንዴ ከገባ ገባ ነው። ከዓርብ በፊት አስቢበትና ንገሪኝ።»

ቤት ስትመለስ ጊታሩ እንዳስተኛችው ተኝቷል። ከጎኑ ግን የአልጋ ልብሱ ሰው ተቀምጦበት እንደተነሣ ጎድጎድ ብሏል። ጭራሮ እጇን ጉድጓዱ ላይ ልታሳርፍ ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ለማንም ሳትናገር ነገሩን በሆዷ ይዛ አደረች።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ጊታሩን እዚያው አስተኝታ በሯን ዘጋች። ፈርታለች። ከፍርሃቷ የባሰው ግን ናፍቆቷ ነበር፤ ያን ድምፅ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ደግማ ብትሰማው አለች። ሰም ከገባ በኋላ እኮ የለም። ለመድረኩ ሲባል ይህን ደፍኖ መጣል ሊሆንላት አልቻለም።

ሹሹታው ውስጥ ብዙ ቆየች። ከዚያ የብረት መንቃጨል፤ አንድ ነገር አልጋው ላይ ተቀመጠ፤ ትንፋሹ መጣ። ማንጎራጎሩም ቀጠለ፤ ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፣ ቦታው ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። የዛሬው ዝምታ ግን ቃል ነበረበት።

«ቀጥል» አለ ድምፁ። «ቀጥል እንጂ ልጄ። አሁን እኮ ግድግዳውን የሚመታብህ የለም።»

ጭራሮ ክው አለች። ወንድሟና አባቷ ድምፃቸው አንድ ነበር፤ ስልክ ላይ ዘመድ ሁሉ ያምታታቸው ነበር። የነቃጨለውም የአውቶቡሱ ቁልፍ ነው። ያ ከቀብሩ ወዲህ በዚያ በር በኩል ሲያልፍ ፊቱን የሚያዞር ሰው፣ ያ ቆርቆሮ ሲል የኖረ ሰው፣ ዜማውን አንድም ሳያዛንፍ በቃሉ ይዞታል።

እንደሰማችው ልታሳውቀው ቡጢዋን ጨብጣ ወደ ግድግዳው አነሣች። በዚህ ቤት ግድግዳ መምታት ምን ማለት እንደሆነ ትዝ ሲላት እጇ አየር ላይ ቀረ። ማዳመጫውን አወለቀች። አምፑን አጠፋችው። ዞራ ሄዳ በሩን በጣቷ ጫፍ አንኳኳች።

አባቷ ከአልጋው ብድግ አለ። ቁልፉ ከጣቱ ላይ ተንጠልጥሏል። «አቧራውን ልጠርግ ብዬ ነው» አለ። በእጁ ጨርቅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ጭራሮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጊታሩን ታቀፈች። «አባዬ፣ ነገ ጋሽ ራዲዮ ጋ ልወስደው ነው። ሌላ ማጉያ መርጫለሁ። ውስጡም ሰም ይገባበታል።»

«ሰም ለምን?»

«ከክሩ በቀር ሌላ ነገር እንዳይሰማ።»

አባቷ ጊታሩን አየ፤ ከጊታሩ የሚወጣውን ገመድ አየ፤ ገመዱን ተከትሎ የግድግዳውን ቀዳዳ አየ።

«አሁን መሄድ አለብህ እንዴ?» አለችው።

«አውቶቡሱ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከጎኗ፣ ያው የተለመደው ጉድጓድ ላይ ተቀመጠ።

ያለ አምፕ ስትጫወተው የጊታሩ ድምፅ ቀጭን ነበር። ዜማው ከፍ አለ፣ ከፍ አለ፤ ቦታው ላይ ሲደርስ ጣቶቿ በልማድ ተነሡ። የአባቷ ቡጢም ጉልበቱ ላይ ተጨበጠ።

ጭራሮ አባቷን አላየችውም። እሷም፣ አባቷም፣ ወንድሟም ሰምተውት በማያውቁት ቦታ ላይ ጣቷን አሳረፈችና ክሩን መታችው።