የቶኩማ ኦፓል

ኦቦ ጉርሙ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ ደረቅ ሸሚዝ ለብሰው፣ እጆቻቸው ደረታቸው ላይ ተጣጥፈው ተገኙ። ቤተሰቡ ልባቸው ቀጥ ብሎባቸው ነው ቢልም፣ ሐኪሙ ከጆሯቸው በስተኋላ ያየው እብጠት አልጣመውምና አምቦ ፖሊስ ጣቢያ ደወለ።

ኢንስፔክተር ሃዋኒ እንደገባች ዓይኗ ያረፈው ጣታቸው ላይ ነው። የብር ቀለበት አጥልቀዋል፤ ፈርጡ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ወዲያ ማዶ ያሳያል።

«እንዲህ አልነበረም» አሉ ባለቤታቸው አዴ ድንቅቱ። «ቀይና አረንጓዴ እሳት ነበረው።»

ድንጋዩ ኦፓል ነው። አንድያ ልጃቸው ቶኩማ ከአጎቱ ከዓብዲሳ ጋር ወሎ፣ ደላንታ ድረስ ሄዶ ሲቆፍር አገኘው፤ ዋሻው ተንዶበት እዚያው ቀረ። ሬሳው እንኳ አልወጣም። ዓብዲሳ ድንጋዩን ብቻ ይዞ ተመለሰ፤ አባትም ቀለበት አሠርተውበት ከጣታቸው አውልቀውት አያውቁም።

ያን ቀን ማን የት እንደነበረ ሃዋኒ ጠየቀች። አዴ ድንቅቱ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ጉደር ገበያ ውለዋል። ተከራያቸው መምህር ወሰኑ በቤቱ ጉዳይ ከሟች ጋር ተኳርፎ ስለነበር ሰፈሩ አምቶታል፤ ግን ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ነው የዋለው። ሬሳውን አገኘሁ ያለው ዓብዲሳ ነው። ትራሱ ለምን እንደረጠበ ስትጠይቀው የወንድሙን ፊት በእርጥብ ጨርቅ እንዳበሰ ነገራት።

«ድንጋዩስ?»

«ባለቤቱ ሲሞት ድንጋዩም ይሞታል። ቆፋሪ ሁሉ የሚያውቀው ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ።

አዴ ድንቅቱ ይህን ሲሰሙ ልጃቸው ዳግመኛ የሞተባቸው ያህል አለቀሱ። ሃዋኒ ቀለበቱን በጥጥ ጠቅልላ ወሰደች። ወደ ጓሮ ስትዞር ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ፣ ከድንጋይ የተጠረበ የከብት ማጠጫ ገንዳ አየች።

ከቀብሩ በኋላ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ጥጡን ስትፈታው ፈርጡ እንደ ፍም ነደደ። አዴ ድንቅቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ድንጋዩ አልሞተም፤ ውሃ ጠጥቶ ነበር» አለች ሃዋኒ፣ ቀለበቱን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እየጨመረች። የደላንታ ኦፓል ዓይን የማያየው ቀዳዳ እንዳለው፣ ውሃ ሲገባበት ቀለሙ ጠፍቶ መስታወት እንደሚመስል፣ ሲደርቅ እንደሚመለስ ከዩኒቨርሲቲው የጂኦሎጂ መምህር ጠይቃ አረጋግጣለች። «በእርጥብ ጨርቅ ቢነካካ እንዲህ አይሆንም። የኦቦ ጉርሙ እጅ ለረጅም ጊዜ ውሃ ውስጥ ነበር። ስለዚህ የሞቱት አልጋቸው ላይ አይደለም። ገንዳው ውስጥ ነው። አንድ ሰው አውጥቶ አድርቋቸዋል፣ ልብሳቸውንም ቀይሯል።»

ብርጭቆው ውስጥ ያለው ድንጋይ ከጠርዙ ጀምሮ መደብዘዝ ያዘ።

«አዴ ድንቅቱም መምህር ወሰኑም የድንጋዩን ጠባይ አያውቁም። እርስዎ ግን፣ ኦቦ ዓብዲሳ፣ ቆፍረውታል፤ አጥበውታል። ሌላ ሰው ቢሆን አላውቅም ይል ነበር። ቆፋሪ ደግሞ ውሃ ነክቶት ይሆናል ይል ነበር። እርስዎ ሞተ ያሉት ማንም ስለ ውሃ እንዳይጠይቅ ነው።»

ዓብዲሳ ብርጭቆውን እያየ ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ። ከደላንታ የመጣ አንድ ቆፋሪ ለወንድሙ ያልሰሙትን ነግሯቸው ነበር፤ ዋሻው ሲናድ ቶኩማ ወዲያው አልሞተም። ኦቦ ጉርሙ ጓሮ ውስጥ አንገቱን ያዙት፤ እሱም ገፈተራቸው። የገንዳው ጠርዝ ከጆሯቸው በስተኋላ መታቸውና ተገልብጠው በግንባራቸው ውሃው ውስጥ ወደቁ።

«ሮጥኩ» አለ። «ስመለስ አልቆላቸው ነበር። ያኔ ከዋሻውም የሮጥኩት እንዲሁ ነው።»

ሃዋኒ ድንጋዩ ይህን ያህል የጠጣው ለዚህ እንደሆነ ተረዳች፤ ወዲያው ቢያነሳቸው ኖሮ በሕይወት ሊተርፉ ይችሉ ነበር። ይህን ግን በአዴ ድንቅቱ ፊት መናገር አልሆነላትም።

አሮጊቷ ተነስተው የባላቸው ወንድም ፊት ቆሙ።

«ቶኩማ ጠርቶህ ነበር?»

«ጠርቶኛል።»

«ምን ብሎ?»

«አባዬ እያለ።»

ሃዋኒ ካቴናዋን አውጥታ ጠበቀች። አዴ ድንቅቱ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አቆሟት።

«ሳትሄድ፣ የቱ ጉድጓድ እንደሆነ ንገራት። ልጄን አውጥቼ ልቅበር።»

ዓብዲሳ ገደሉን፣ ከበላዩ ያለችውን ሾላ፣ ከሥሯ የሚወርደውን ቀጭን መንገድ እያለቀሰ አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሃዋኒ ጻፈች። አዴ ድንቅቱ ግን ወረቀቱን አላመኑትም፤ እያንዳንዷን ቃል ከአፉ እየተቀበሉ፣ እንዳይጠፋባቸው በኦሮምኛ ለራሳቸው ደገሙት።