በለሱ ሲቀበር

እሑድ ከምሳ በኋላ ራኬብ ውሃ ልትቀዳ ወደ ኩሽና ስታልፍ አባቷ ሳሎን ውስጥ ሲንጎራደዱ አየቻቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ክራቫትም አስረዋል። አቶ ወንዳፍራሽ ክራቫት የሚያስሩት ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ሞቶ ይሆን ብላ ደነገጠች። አልጠየቀቻቸውም። ካኮረፈቻቸው ሁለት ሳምንት ሆኗታል።

አትላንታ አጠገብ ፓይን ሌክ ያለው ቤታቸው ጠባብ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ሳይነጋገሩ መኖር ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ራኬብ ግን ጠንክራ ሠርታዋለች።

የኩርፊያው ምክንያት ዳርዮ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለአባቷ ሱቅ ቃሪያ ፍለጋ ሊቶኒያ አጠገብ ወዳለ የጣልያኖች እርሻ ስትሄድ፣ ፀሐይ ያቀላው አንድ ወጣት የቃሪያ ሣጥን አቀበላትና መልቀቁን ረሳው። እሷም አልጎተተችም። ሣጥኑን ሁለቱም እንደያዙ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ወዲህ የአቶ ወንዳፍራሽ ሱቅ ቃሪያ አልቆበት አያውቅም።

እርሻውን ያቀኑት የዳርዮ አባት ሲኞር ሳልቫቶሬ ናቸው። ከጣልያን ከካላብሪያ ሲመጡ ይዘው የመጡት ሚስታቸውን፣ የሁለት ዓመት ልጃቸውንና በሸሚዝ እጅጌ የጠቀለሏትን አንዲት የበለስ ቅርንጫፍ ነበር። መሬቱ የረከሰላቸው ድንጋይ ስለሆነ ነው። የጠየቋቸው ባንኮች ሁሉ «እናስብበት» እያሉ ሸኟቸው፤ ባልና ሚስት ሰባት ዓመት ሙሉ በእጃቸው ድንጋይ ለቀሙ። ዛሬ የቤቱ ግድግዳም፣ አጥሩም፣ የሚስትየዋ የመቃብር ምልክትም ከዚያው ድንጋይ ነው።

በዚህ በ2014 የመኸር ወራት ራኬብ ለዳርዮ «ሽማግሌ ላክ» አለችው። ከዚያ በላይ አልነገረችውም፤ እሷም ከዚያ በላይ አታውቅም። በአምስት ዓመቷ ወላጆቿ ዲቪ ደርሷቸው አትላንታ ያደገች ልጅ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት እሑድ ሳልቫቶሬ ወንድማቸውንና ሁለት የቤተ ክርስቲያን ወዳጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ገና ከመግባታቸው ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውንም በሉ፣ ከዚያ ልጅዎን ለልጄ አሉ። ራኬብ ከመኝታ ቤቷ በር ኋላ ቆማ አባቷ በእንግሊዝኛ የመለሱትን ሰማች። ልጅ በአንድ ቀን አይሰጥም፣ ከዘመድ እንማከርና ሁለት ሳምንት እናስብበት ነበር ያሉት። ከዚያ የውጭው በር ሲዘጋ ሰማች።

በማግስቱ ዳርዮ ደውሎ፣ እንደ ባንኮቹ ሸኙት፣ አባቴን አዋረዱት አላት። ፍርድ ቤት ሄደን እንፈራረም አለ። ያለ አባቷ ምርቃት እንደማታደርገው ነገረችው፤ ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

«ማሚ፣ አባዬ የት ሊሄድ ነው?» አለች ኩሽና ላሉት እናቷ ለወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የት ይሄዳል? ሽማግሌዎቹን እየጠበቀ ነዋ። ሁለት ሳምንት ብሏቸው አልነበር? ሁለት ሳምንቱ ዛሬ፣ በመጡበት ሰዓት በዘጠኝ ይሞላል።»

«እሱ እኮ ሪጀክት አደረጋቸው።»

ወይዘሮ ተናኘወርቅ ማማሰያቸውን አስቀመጡ። «የምን ሪጀክት? በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት የት አለ? የኔ አባት ያንቺን አባት ሽማግሌዎች አራት ጊዜ አመላልሷቸዋል፤ እነሱም መልስ ሳይሰጣቸው አልተቀመጡም። ቶሎ እሺ ቢል ያፈርኩበት ነበር። አሁን አባትሽን እንቅልፍ የነሳው ባይመለሱስ የሚለው ነው። ካልመጡ ልጄን ናቋት ብሎ ስማቸውን ቤቱ አያስጠራም።»

ራኬብ ለዳርዮ ደወለች። አላነሳም። ሦስት ጊዜ ደወለች። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ነበር። ለቤተ ክርስቲያን የለበሰችውን ቀሚስ እንኳ ሳትቀይር የመኪናዋን ቁልፍ አንስታ ወጣች።

እርሻው ስትደርስ ዳርዮ፣ አባቱና አጎቱ በለሱ ሥር ተንበርክከው ነበር። ሳልቫቶሬ በየዓመቱ ብርዱ ከመግባቱ በፊት በለሱን ይቀብሩታል። በአንድ ወገን ሥሩን ቆርጠው፣ ግንዱን አጉብጠው ጉድጓድ ውስጥ ያስተኙትና አፈርና ቅጠል ያለብሱታል፤ ሚያዝያ ላይ ቆፍረው ያቆሙታል። በዚያ ቀን ማታ ውርጭ ይጥላል ተብሏል። ዛፉ ግማሽ ተጋድሞ ሥሩ ተገልጧል፤ አሁን ትተውት ቢሄዱ ያልቅለታል።

ዳርዮ ቀና አለ። ከስቷል። ራኬብ እናቷ የነገሯትን በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። ዳርዮ ተነስቶ አባቱን አየ። ሽማግሌው መቆፈራቸውን አላቆሙም።

«እኔ የማንንም በር ሁለት ጊዜ አላንኳኳም» አሉ። «አንዴ ሰማሁ፤ በቃኝ።»

ራኬብ ከሐዘኗ ይልቅ ንዴቷ በለጠባት። «ይህ መሬት ስንት ዓመት እምቢ አለዎት?»

ሳልቫቶሬ አካፋቸውን ተደግፈው አጥሩን አዩ። «ሰባት» አሉ።

«ታዲያ እኔ ከድንጋይ አነስኩ?»

አጎትየው አንገቱን ደፋ። ዳርዮ ከአባቱ ፊት ዓይኑን አልነቀለም። ሽማግሌው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና አካፋውን ለራኬብ ሰጧት።

«መጀመሪያ ዛፉ» አሉ። «ፍጠኚ።»

በቀሚሷ ጭቃው ውስጥ ገባች። ግንዱ አልጎብጥ ብሎ ሲያስቸግር እሷና ዳርዮ አብረው ተጫኑት። «ናፍቀሽኛል» አላት ቀስ ብሎ። «ዛፉን ያዝ» አለችው፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር። የመጨረሻውን አፈር ሲመልሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

መኪና ውስጥ ለሳልቫቶሬና ለወንድማቸው ከእናቷ የሰማችውን ደንብ ነገረቻቸው፦ ሽማግሌ መልስ ሳይሰጠው አይቀመጥም። ዳርዮ ከኋላ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላ ነበር።

ሲደርሱ ዳርዮ መኪናው ውስጥ ቀረ። እሷ በጓሮ ልትገባ አስባ ነበር። አባቷ ግን መኪናዋን ሰምተው በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ክራቫቱን ፈትተውት እጃቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሁለቱን ሽማግሌዎች፣ ከዚያ ጭቃ የለበሰች ልጃቸውን አዩ። ራኬብ ሁሉም ነገር እዚያ ደጃፍ ላይ ያበቃ መሰላት።

«ልጄን ልትጠይቁ ነው የመጣችሁት» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ። «እሷ ደግሞ ከጠያቂዎቹ ጋር ናት?»

ሳልቫቶሬ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዛፍ ስንቀብር ዘገየን። ልጅዎ ባታግዘን ኖሮ አንደርስም ነበር።»

«የሞተ ዛፍ ነው?»

«የለም። ብርዱ እስኪያልፍለት ነው። ሚያዝያ ላይ እናወጣዋለን።»

አቶ ወንዳፍራሽ አስገቧቸውና ተቀመጡ አሉ። ሳልቫቶሬ ከነጩ ሶፋ ፊት ቆመው ቀሩ፤ ወንድማቸውም አጠገባቸው ቆመ። «እስኪመልሱልኝ አልቀመጥም» አሉ።

ራኬብ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን ፊት ለፊት አየቻቸው። «አባዬ» አለች።

አቶ ወንዳፍራሽ ክራቫቱን አንገታቸው ላይ መልሰው ማሰር ጀመሩ። ሁለት ጊዜ ተሳስተው ደገሙት።

«ዛፉን ስታወጡ ንገሩን» አሉ በመጨረሻ። «ሠርጉን ከፋሲካ በኋላ፣ ያኔ እናደርገዋለን።»

ሳልቫቶሬ ያን ጊዜ ተቀመጡ። ወይዘሮ ተናኘወርቅ ሶፋቸው ላይ ቀይ ጭቃ ሲለጠፍ እያዩ ቡና ሊያፈሉ ተነሱ። ራኬብ ግን መኪናው ውስጥ የሚጠብቀውን ልትጠራ በሩን ሳትዘጋ ሮጠች።