አርባ ሦስት ታፔላ

ታፔላ ጸሐፊው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ምን ይሸጣሉ?» ብሎ ነው።

«አልሸጥም። የተጨነቀ ሰው አዳምጣለሁ፤ እመክራለሁ።»

እርሳሱን ከጆሮው ላይ አንሥቶ ባዶውን ወረቀት ሲያይ ቆየ። «ለጥርስ ሐኪሙ ጥርስ ስዬለታለሁ። ለፀጉር ቤቱ መቀስ። ለእርስዎ ምን ልሳል?»

«ጽሑፍ ብቻ ይበቃል።»

«ጽሑፍ ብቻማ ማን ቀና ብሎ ያያል!» አለ፣ እንደ ስድብ ቆጥሮት።

ወደዚያች ከተማ የሄድኩት ወድጄ ነው። በአካባቢው የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጥ አልነበረም፤ የሚፈልግ ሰው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ መጓዝ ነበረበት። ዋናው መንገድ ላይ፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት፣ ከአንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከሱቋ ጋር በመተላለፊያ የሚገናኝ ሁለት ክፍል ተከራየሁ። ወንበሮቹን ራሴ ቀባሁ። ታፔላው የተሰቀለ ዕለት አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ አየው። ርዝመቱ ሦስት ሜትር ነበር፤ ራሷን በሁለት እጇ የያዘች ሴት፣ ከጎኗ በደማቅ ቀይ «የአእምሮ ምክር አገልግሎት»። እውነቱን ለመናገር ያምር ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ ማንም አልመጣም።

ወንድም ጋሼ በየሳምንቱ ይደውላል። «ሆስፒታሉ የሥራ ቦታሽን የሚጠብቅልሽ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ካልመጣሽ ለሌላ ይሰጡታል፤ እኔም ሁለተኛ አልለምንልሽም።»

«ሰዉ ይመጣል።»

«መቼ? እማዬማ ‹ልጄ ግድግዳ ስትመክር ከረመች› እያለች ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ግድግዳውን አየሁት። ምክሬን የሰማ አይመስልም ነበር።

አንድ ጠዋት ታፔላ ጸሐፊው ሳያንኳኳ ገባና ለባለጉዳይ ባዘጋጀሁት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው።

«እኔ የጻፍኩለት ቤት ባዶ ሆኖ አያውቅም» አለ። «ስሜ እየጠፋ ነው፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም።»

«ከተማው ከሾመዎት ምን ያደርጋሉ? ይስሙኝማ። ትናንት ማቆሚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በርዎን ሳይ ዋልኩ። አሥራ አንድ ሰው እዚህ በር ድረስ መጥቷል።»

«አሥራ አንድ?»

«አሥራ አንድ። ታፔላውን ቀና ብለው ያያሉ፤ አውቶቡስ የሚጠብቀውን ሕዝብ ዞር ብለው ያያሉ፤ ከዚያ ያልፋሉ። አንዷማ ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። እርስዎን ጠልተው አይደለም። እዚህ የገባ ሰው ሳይመሽ ‹እገሌ አበደ› ይባላል። ታፔላውን በርዎ ላይ የሰቀልኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እነሱ ግንባር ላይ ኖሯል።»

ይህን ሲል አንገቱን አልደፋም። ዓይኖቹን ልብ ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጥፋቱን እንደዚያ ቀጥ ብሎ የሚናገር ወንድ ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«ይውረድ።»

«ታፔላ ከሌለኝ ማን ያውቀኛል?»

«እሱን ለእኔ ይተዉት» ብሎ ወጣ። ታፔላውን የዚያኑ ዕለት አወረደው።

ታፔላው ሲወርድ በደግ ቃል ከከተማው የተሸኘሁ መሰለኝ። የቤቱ ባለቤት ልብስ ሰፊዋ ግን ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል «በእኔ ሱቅ በኩል አስገቢያቸው፣ ልጄ» አለችኝ። «ልብስ ሰፊ ቤት የገባን ሰው ማን ምን ይለዋል? የተቀደደ ነገር ይዘው ይምጡ። ለእኔም ገበያ ነው።»

«ማንን ነው የማስገባው?» አልኳት። የሚመጣ ሰው አልነበረማ።

በአራተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ዝቅ ያለ የሴት ድምፅ ነው። «እንቅልፍ እምቢ ያለው ሰው ይደውል ስለሚል ነው…»

«የት አነበቡት?»

«መድኃኒት ቤቱ ታፔላ ላይ። ከታች፣ ጥግ ላይ።»

ሁለተኛው ከጎማ ጠጋኙ ታፔላ ላይ አንብቦ ነበር። ሦስተኛዋ ከዳቦ ቤቱ።

ወጥቼ አየሁ። ታፔላ ጸሐፊው ሠርቶ በሰቀለው ታፔላ ሁሉ ጥግ ላይ የራሱን ስልክ ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ ሥራ የሚያገኘው በዚያ ብቻ ነው። አሁን መድኃኒት ቤቱ ላይ ቁጥሩ በነጭ ቀለም ተሸፍኗል። በላዩ በደቃቅ ፊደል «እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ይደውሉ» ይላል፤ ቁጥሩ የእኔ ነው። ፎቶ ቤቱ ላይም የእኔ ነው። ጥርስ ሐኪሙ ላይም። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር በእግሬ ሄድኩት። አርባ ሁለት ቆጠርኩ። አርባ ሦስተኛው ጋ መሰላል ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ያንተን ስልክ አጠፋኸው» አልኩ። አንተ ማለቴን ያወቅሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ቦታው ጠባብ ነው። ሁለት ስልክ አይይዝም።»

«ሥራ ሊሰጥህ የሚፈልግ ሰውስ?»

«አንቺ ጋ ይደውላላ።» ብሩሹን ቀለም ውስጥ ነክሮ ወደ ታች ሳያይ ጨመረ፤ «አንቺ ደግሞ ለእኔ ትነግሪኛለሽ።»

መሰላሉን ያዝኩለት። እስኪጨርስ ድረስ ሁለታችንም አልተናገርንም። ሙያዬ ብዙ ዝምታ አሰምቶኛል፤ ያንን የመሰለ ግን አላውቅም።

የወሩ መጨረሻ ቀን ወንድም ጋሼ ሊወስደኝ ራሱ መጣ። ልብስ ሰፊዋ ገና ከደጅ ስታየው ወደ መተላለፊያው መራችው። ከፊቱ ሦስት ሰው ነበር።

«ወንድሟ ነኝ» አላት።

«ይሁን፣ የኔ ጌታ። ተቀመጥ።»

አጠገቡ የተቀደደ ቀሚስ የታቀፈች ሴት ጠጋ አለችው። «እኔም የመጀመሪያ ቀን የአክስቷ ልጅ ነኝ ብዬ ነበር። አይዞህ፣ አትቆጣም።»

ተራው ደርሶ ሲገባ ፊቱ ቀልቷል። «ከተማው በሙሉ እዚህ ነው እንዴ?» ከማለቱ ስልኬ ጮኸ። አንሥቼ ወረቀት ሳብኩ። «አዎ፣ ይጽፋል። ሁለት ሜትር በአንድ? አረንጓዴ። ሰኞ ይመጣል።»

«የማን ሥራ ነው የምትቀበዪው?»

«የእኔ» አለ ታፔላ ጸሐፊው ከበሩ። እንደ ወትሮው የደወለለት ሰው እንዳለ ሊጠይቅ መጥቶ ነው።

ወንድም ጋሼ ቀለም የነካውን ሸሚዙን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። «ምኗ ነህ?»

«እስካሁን ወረፋ ላይ ነኝ።»

«ከእኔ በፊት ነው በኋላ?»

መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። «ከሁሉም በፊት ነው፣ ወንድም ጋሼ» አልኩ። ታፔላ ጸሐፊው ያን ጊዜ ነው አንገቱን የደፋው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ኖርን። እንዴት እንደተለየኝ የራሴ ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። የዚያን ቀን አጨራረስ ግን እጽፈዋለሁ።

ወንድም ጋሼ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ለእናታችን ደወለ። ግድግዳው ስስ ነው፤ ወረፋ የያዙትም ሊሰሙ ጸጥ ብለው ነበር።

«አይ፣ አልታመመችም… አይ፣ ብቻዬን ነው የምመለሰው… አንድ የምነግርሽ ሌላ ነገርም አለ፤ እሱ ግን ስመጣ ይሁን።»

እማዬ አልለቀቀችውም መሰል። ስልኩን ስጣት፣ ላናግራት ሳትለው አልቀረችም።

«አሁን አትችልም፣ እማዬ» አላት፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መተላለፊያው ሁሉ እንዲሰማ። «ሥራ ላይ ናት።»