ሰማንያ ዘለላ

ሦስተኛውን የሚቀጠል ጸጉር ዘለላ ስታጣብቅ ሰምሃል የጆሮዋን ጫፍ አቃጠለች።

«ውይ!» ብላ የጋለውን መተኮሻ ፔስትራ ከጸጉሯ አራቀች። መስታወቱ ውስጥ ጆሮዋ በርበሬ መስሏል።

«ተይው በቃ!» አለች ፈቲያ። የክፍሏ ልጅና የፎቅ ጎረቤቷ ፈቲያ አልጋው ላይ ተንበርክካ፣ ሁለተኛ መስታወት ከኋላ ይዛላታለች። «ሰማንያ ዘለላ ነው እኮ! ገና ሦስት ነው የሠራሽው። እስክትጨርሺ ጆሮ አይተርፍሽም።»

«ጆሮ ሁለት ነው። መስታወቱን ከፍ አድርጊው።»

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የሰምሃል እናት አስመረት ሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለው ሳሎኗ ከሄደች አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላትም። ገርጂ ያለው የኮንዶሚኒየም ቤታቸው ጭር ብሏል። ሊጠና የወጣው የሒሳብ ደብተር የስልክ ማስደገፊያ ሆኗል፤ ስልኩ ላይ አንዲት የውጭ አገር ሴት እየሳቀች ታስተምራለች። ቀጭን ጸጉር ከፍለሽ ያዢ። ጫፉ ላይ የደረቀ ሙጫ ያለበትን ዘለላ ከጸጉርሽ ሥር ትንሽ ራቅ አድርገሽ ደርቢው። ሙጫው እስኪቀልጥ በፔስትራው ቆንጥጪው፤ ሳይቀዘቅዝ በጣትሽ ጠቅልይው። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ ስትሠራ ጆሮዋን አንድ ጊዜም አላቃጠለችም።

ሰምሃል እዚህ ጣጣ ውስጥ የገባችው ጸጉር ቸግሯት አይደለም። የራሷ ጸጉር ትከሻዋ ላይ ይደርሳል፤ ማንም አይንቀውም። ነገሩ እልህ ነው፤ ዘለላዎቹንም የገዛችው ባጠራቀመችው የኪስ ገንዘብ ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሳሎኑ ውስጥ ጸጉር በሙጫ የምትቀጥለው ማዕዛ አግብታ ሐዋሳ ገባች። ደንበኞች መጥተው «ማዕዛ የለችም?» እያሉ ሲመለሱ ሰምሃል አየች። የጸጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ስታቀብል ያደገች ልጅ ናት፤ ማበጠሪያ መያዝ የለመደችው እስክሪብቶ ከመያዟ በፊት ነው። «እማ፣ አስተምሪኝና እኔ ልሥራው» አለች። አስመረት ደንበኞቿ ፊት ሳቀችባት። ማታ ቤት ሲገቡ ደግሞ ሳቁ ወደ ቁጣ ዞረ።

«እኔ አሥራ አምስት ዓመት የቆምኩት አንቺ ቢሮ እንድትቀመጪ ነው! ሁለተኛ ሳሎን እንዳላይሽ!»

እናቷ ማታ ማታ ያበጠ እግሯን ጨው ውሃ ውስጥ ስትነክር ሰምሃል በዓይኗ ታያለች። ፍርሃቷም ይገባታል። ያንገበገባት ሳቁ ነው።

«ሳታይ ሳቀችብኝ» አለች አራተኛውን ዘለላ እያነሳች። «አይታ ትሳቅ። ዛሬ እዛው ሳሎን ገብቼ ፊቷ ነው የምቆመው።»

«ቅዳሜ? ሰው ጢም ባለበት?»

«ሰው ጢም ባለበት ነው የሳቀችው።»

አሥራ ምናምነኛው ዘለላ ላይ ፈቲያ አየሩን አሸተተች። «ቆይ፣ ምንድን ነው የሚሸተው? ጎረቤት ወጥ እየተሠራ ነው እንዴ?»

እውነትም ፔስትራው ጸጉሯን በነካ ቁጥር ክፍሉን የቅቤ ሽታ ያውደዋል።

«እኔ ነኝ» አለች ሰምሃል። «ረቡዕ ማታ እማ ቅቤ ቀብታኝ ነበር።»

«ተኳርፋችሁ የለ እንዴ?»

«ተኳርፈናል። ‹ጸጉርሽ ደርቋል፣ ነይ› አለችኝ። ከዛ አንድ ቃል ሳንነጋገር ቀብታኝ ጨረሰች።» ሌላ ዘለላ አነሳች። ያን ማታ የእናቷ ጣቶች ቀስ ብለው ነበር የሚሄዱት፤ እሷም አኩርፋ ሳለች ባያልቅ ብላ ነበር። ይህን ግን ለፈቲያ አልነገረቻትም። «ለማንኛውም ትናንት ታጥቤያለሁ።»

«ሴትዮዋ ስለ ቅቤ ምን ትላለች?»

ቪዲዮውን መለስ አድርገው አዩት። ሴትዮዋ ስለ ሻምፖ አወራች፤ ስለ ማበጠሪያ አወራች። ስለ ቅቤ ግን ትንፍሽ አላለችም። የት ታውቀዋለች!

«ምንም አላለችም» አለች ሰምሃል። «ችግር የለውም ማለት ነው።»

ሰማንያው ዘለላ ሲያልቅ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። አንገቷ ደንዝዟል፣ የሁለት ጣቶቿ ጫፍ ተልጧል። ከዚያ ግን ቀና ብላ ወገቧ ላይ የተኛውን ጸጉር አየችው። የቱ የእሷ፣ የቱ የተቀጠለው እንደሆነ አይለይም።

«አንቺ!» ፈቲያ አልጋው ላይ ዘለለች። «ፏ ብለሻል! በአላህ፣ ቲክቶክ ላይ እንልቀቀው።»

«መጀመሪያ እማ ትየው» አለች ሰምሃል። ደስታዋ ፊቷ ላይ ሞልቶ ፈሰሰ።

የሃያ ሁለት ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። መስኮቱ አይዘጋም፤ ነፋሱ ጸጉሯን ሲያነሳው እሷም እንደ ሙሽራ ኮራ ብላ ተወችው። መገናኛ ሳይደርሱ አጠገባቸው የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት ክንዷን ነካ አደረጓት።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ ያንቺ ነው መሰለኝ።»

በሁለት ጣታቸው አንድ ረጅም ዘለላ ይዘዋል። ሙጫው ከነጫፉ እንዳለ ነው፤ ምንም የያዘው ነገር የለም።

ሰምሃል ተቀብላ በጡጫዋ ጨበጠችው። ወዲያው ሌላው ጭኗ ላይ ወደቀ። ሌላው በፈቲያ ጫማ ላይ። እጇን ወደ ራሷ ሰደደች፤ ሙጫዎቹ ከጸጉሯ ላይ እየሟለጡ ወደ ታች ወርደዋል። ጣቷን አሸተተችው። ቅቤ።

ከኋላ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች መሳቅ ጀመሩ። «ረዳት፣ ሂሳብ ስትቀበል ጸጉሯንም ሰብስብላት!» አለ አንደኛው። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ ረዳቱም ሳቀ። ሰምሃል መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። ግን ጎንበስ ብላ የወደቁትን አንድ በአንድ ለቀመች።

ሃያ ሁለት ሲወርዱ ፈቲያ ይዛ አቆመቻት። «ስሚኝ፣ አሁን አይነፋም፤ እንዲህ ሆነሽ አትገቢም። እዛ ካፌ ሽንት ቤት እንግባና የቀረውን ነቃቅለን እንጣለው። የኔን ሻርፕ ታስሪያለሽ። እናትሽ ምንም አታውቅም፤ እኔም ለማንም ትንፍሽ አልልም።»

ሰምሃል የካፌውን በር አየችው። አምስት እርምጃ አይሞላም። እዚያ ብትገባ ነገሩ በቃ አበቃ፤ ጠዋቱን ሙሉ ያደረገችውን ማንም ሳያውቅ ደብተሯ ጋ ትመለሳለች። እናቷም ሳታይ የሳቀችው ሳቅ ልክ ሆኖ ይቀራል።

«ሙድ ይይዙብሻል» አለች ፈቲያ።

«ይያዙ።»

ሳሎኑ ጢም ብሏል። ሦስት ሴቶች ጸጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ገብተዋል፣ ጸጉር አጣቢዋ ወይንሸት ሌላዋን ታጥባለች። አስመረት ደንበኛዋን እትዬ ደብሪቱን እያበጠረች ነበር። በሩ ሲከፈት ቀና አለች፤ ማበጠሪያው አየር ላይ ቀረ።

«ውይ፣ ምስኪን!» አሉ እትዬ ደብሪቱ በመስታወቱ እያዩ። «ይቺን ልጅ ማን ነው እንዲህ ያደረጋት? የትኛው ሳሎን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ሰምሃል። ሁሉም እንዲሰማት ጮክ ብላ ደገመችው። «እኔው ነኝ የሠራሁት እትዬ ደብሪቱ።»

ከካስክ ውስጥ አንዲት ሴት አንገቷን አውጥታ ሳቀች። አስመረት ግን አልሳቀችም። ፊቷ ደም መስሏል።

«ጓዳ ግቢ» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

«አልገባም።»

«ሰምሃል!»

«እዚሁ እይልኝ፣ እማ። አይተሽ ከፈለግሽ ሳቂ።» የጨበጠቻቸውን ዘለላዎች መስታወቱ ሥር ደረደረቻቸው። «ቪዲዮው እንዳለው ነው ያደረግኩት። የት ጋ እንደተሳሳትኩ ንገሪኝ።»

እትዬ ደብሪቱ ሳሉ። ወይንሸት ውሃውን ዘጋች። አስመረት ማበጠሪያውን አስቀምጣ መጣች፤ የልጇን ራስ ዝቅ አድርጋ ጸጉሩን በጣቷ እየከፈተች ማየት ጀመረች። ከፊት አየች፤ ከጎን አየች። ማጅራቷ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄን ማን ከፈለልሽ?»

«እኔ።»

«ከኋላውንም?»

«እኔ። ፈቲያ መስታወት ይዛልኝ።»

አስመረት ፈቲያን አየቻት፤ ፈቲያ በሩ ጋ ቆማ ራሷን ነቀነቀች። አስመረት እንደገና ጎነበሰች። የጸጉሩ አከፋፈል በክር የተሰመረ ይመስል ቀጥ ያለ ነው፤ ይህን ለማየት አሥራ አምስት ዓመት መቆም አያስፈልግም። አንዱን ዘለላ በሁለት ጣቷ ስትይዘው ሳትጎትተው ወጣ። ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው፤ ከንፈሯ ጥግ ፈገግታ ሊመጣ ሲል መልሳ ዋጠችው።

«ስንት ጊዜ ታጠብሽ?»

«አንድ።»

«ቅቤ በአንድ እጥበት ይለቃል? ቅባት ላይ ሙጫ ምን ብሎ ይይዛል!»

ሴቶቹ በሙሉ ሳቁ። ሰምሃል ጆሮዋ እስኪግል አፈረች፤ የተቃጠለው ጆሮዋ ደግሞ የባሰ ጋለ። ቢሆንም ከቆመችበት ወይ ፍንክች።

«ሌላስ?» አለች።

«ሌላ ምን?»

«ሌላ ስህተት።»

አስመረት ተዘርግቶ የቀለጠ ሙጫ በጥፍሯ ፋቀች። «የቤቱ ፔስትራ ትልቅ ነው። ሙጫውን አብዝቶ ያቀልጠዋል» አለች መናገሯ እየቆጫት። ከዚያ ድምፅዋን አጠነከረች። «አሁን የቀረውን ነቅለሽ ታጥበሽ ቤት ትሄጃለሽ። ፈተና አለብሽ።»

«እነቅላለሁ። እታጠባለሁ። ፈተናዬንም እፈተናለሁ» አለች ሰምሃል። «ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ እመጣለሁ።»

«አልፈቀድኩም።»

«አውቃለሁ፣ እማ።»

አስመረት ወደ እትዬ ደብሪቱ ዞራ ማበጠሪያዋን አነሳች።

ሰምሃል ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። የሚሟልጡትን በጣቷ፣ የጠነከሩትን ወይንሸት ባቀበለቻት ማላቀቂያ ፈሳሽ አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ፈቲያ እየተቀበለች ፎጣ ላይ ደረደረቻቸው። አንዱም አልተጣለም። ሲያልቅ ወይንሸት ልታጥባት እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ራሴ እታጠባለሁ» አለች ሰምሃል።

ጎንበስ ብላ ሻምፖውን ጨመቀች። አንድ ጊዜ ታጠበች፤ ሁለት ጊዜ ታጠበች። በሦስተኛው ውሃው ያለ አረፋ ጠርቶ ወረደ። ውሃውን ዘጋችና ፎጣ ለማንሳት እጇን ዘረጋች።

«አራተኛም ድገሚው» አለች አስመረት ከወዲያ፣ ከእትዬ ደብሪቱ ራስ ላይ ዓይኗን ሳታነሳ።

ሰምሃል ፎጣውን መልሳ ሰቀለችውና ውሃውን ከፈተች።