በሟቹ ስልክ ላይ የቀደመው ጥያቄ

ጋሽ መላጊያ ከእንጨት ማከማቻው ደረጃ ስር በጀርባቸው ተዘርረው የተገኙት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ ያያቸው የአናጢ ቤቱ ሹፌር «ተኝተው መስሎኝ ‹ይነሱ እንጂ ጋሼ!› ብዬ ጮህኩባቸው» እያለ ራሱን ይወቅሳል። ሰላሳ ዓመት ሙሉ ቀን ላይ ጋደም ብለው የማያውቁ አናጢ፣ ዛሬ ምን ነክቷቸው ይተኛሉ?

መርማሪዋ መጣች። አጠር ቀጠን ያለች ናት፤ ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ወሬውን ሁሉ ታሳልፈውና ጠጠሩ ብቻ እጇ ላይ ይቀራል።

ጎንበስ ብላ አየች። ጭንቅላታቸው ከኋላ ተፈንክቷል። ጣቶቻቸው በደረቀ ኮላ ተጨማልቀዋል። ስልካቸው ወዲያ መስሪያ ጠረጴዛው ላይ፣ ገና ካልተገጠመ መሳቢያ አጠገብ ተቀምጧል። መስታወቱ ላይ አንዲት ጠብታ ኮላ የለም። የኮላው ብሩሽ ግን ጣሳው ውስጥ ደርቆ ቀጥ ብሏል።

«ብሩሽ ሳያጥቡ ትተው ይሄዱ ነበር?» አለች ወንፊት።

«እሳቸው?» አለ ሹፌሩ። «ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ብሩሹን አጥበው ነው የሚሮጡት!»

የሹፌሩን ነገር ቶሎ ጨረሰችው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ቁምሳጥን ሲያደርስ ከተማውን ሲዞር ነበር፤ ሦስት ደንበኛ ይመሰክርለታል።

ቀጥሎ ሙጫ መጣ። እውነተኛ ስሙን ማንም አያስታውስም። ከጋሽ መላጊያ ጋር ሰላሳ ዓመት ተጣብቆ ስለኖረ ነው ሙጫ የተባለው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ልጄ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ አላውቅም» አላት ለመርማሪዋ። «የጋሼን ልጅ እኔ ነኝ ያሳደግኳት። ግን እውነት እውነት ነው። ጠዋት ከአባቷ ጋር ተጨቃጭቃለች። ‹አንተ እያለህ ይሄ ቤት አይለቀቅም› ስትለው ሰምቻለሁ። የስልኩንም ኮድ ታውቃለች።»

«ሌላስ የሚያውቅ አለ?»

«እኔ አለሁ፤ እኛ ምን የምንደባበቀው አለን?»

ወንፊት ነገሩን ጠየቀች። አናጢ ቤቱ አራት ባለድርሻ አለው። ሟቹ፣ ሙጫ፣ ቀለም ቀቢ የሆነችው የሟቹ ልጅና ሹፌሩ። ወደ አዲስ ሕንፃ እንግባ አንግባ ተባለ። ፊት ለፊት ሲነጋገሩ መጋዝ ስለሚወራወሩ፣ የአናጢ ቤቱ ጸሐፊ በኢንተርኔት መጠይቅ እያዘጋጀች ትልክላቸዋለች። አራቱም እስኪስማሙ ሌላ ዙር ይላካል። ሁለት ዙር አልፏል። በሁለተኛው ሦስቱ «እንሂድ» ብለው ጋሽ መላጊያ ብቻ «ሞቼ!» አሉ። ዛሬ ሦስተኛው ዙር ነበር። ከሟቹ ስልክ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ «እስማማለሁ» የሚል መልስ ገባ።

«እንግዲህ ልጅቷ ናታ!» አለ የወንፊት ረዳት፣ ካቴናውን እያቅጨለጨለ። «ገፈተረችው፣ ስልኩን ከፈተች፣ ተስማማችለት።»

«ቀስ። ካቴናው አይሻግትም።»

ልጅቷ ቀለም ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ቀለም የነካ እጇን ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በየቀኑ እኮ ነው የምንጣላው! ምሳ ላይ ይረሳዋል።» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ማነው የነገረሽ?»

«ሙጫ።»

 የልጅቷ ፊት በጥፊ እንደተመታ ሰው ሆነ። «አጎቴ? … አጎቴ እንደዛ አላለም።»

ወንፊት ወደ መጠይቁ አለፈች። «ዛሬ መጠይቁን ስትከፍቺ መጀመሪያ ምን ጠየቀሽ?»

«መንገዱን። ‹አዲሱ ቦታ ለቤትሽ ይርቃል ወይ?› ነው ያለኝ።»

ሹፌሩንም ጠየቀችው። «ጣራው ያፈሳል ወይ አለኝ። እንዴ፣ አናቴ ላይ እያፈሰሰ ይጠይቀኛል?»

ሙጫንም ጠየቀችው። ሽማግሌው ተንፈስ አለ። «‹ከዚህ ቤት የማትረሳው ቀን የቱ ነው?› ነው ያለኝ። ሆድ ያባባል እኮ። ከዛ ስለ ጣራው፣ ከዛ ስለ መንገዱ። ጋሼም ያቺን ጥያቄ ሲያይ ነው ልቡ ተሰብሮ እሺ ያለው መሰለኝ።»

«ይሆናል» አለች ወንፊት። ሄዳ ከጸሐፊዋ አጠገብ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ ሲያንሾካሹኩ ቆዩ። መሀል ላይ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ደወለ።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም መስሪያ ጠረጴዛው ዙሪያ ቆሙ። ረዳቱ በሩ ላይ ነው።

«ከሞቱ እንጀምር» አለች ወንፊት። «ሐኪሙ እንዳለው ጋሽ መላጊያ ያረፉት አምስት ሰዓት ገደማ ነው። መጠይቁ ስልካቸው ላይ የተከፈተው ስድስት ከአሥራ አንድ፣ የተላከው ስድስት ከሃያ ነው። ጣቶቻቸው ኮላ በኮላ ናቸው፤ ስልኩ ንፁህ ነው። ስለዚህ የሞላላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ኮዱን ከሚያውቁት ከሁለቱ አንዱ።»

ሙጫ ልጅቷን አየ። ልጅቷ መሬቱን።

«እስቲ ንገሪያቸው» አለች ወንፊት ለጸሐፊዋ።

ጸሐፊዋ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «በመጀመሪያው ዙር ያስቀደምኩት ‹እዚህ መሥራት ደስ ይላችኋል?› የሚለውን ነበር። ሦስቱ ‹እንቆይ› አሉ። በሁለተኛው ጋሽ ሙጫ ‹እስቲ የጣራውን ከላይ አድርጊው፣ ለአነጋገር ያምራል› አለኝ፤ አደረግኩት። ሦስቱ ‹እንሂድ› አሉ። ጥያቄው ያው ነው! የተቀየረው ተራው ብቻ ነው።»

«በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» አለች ወንፊት። «ጨዋታው ሳሩን ማስቀደም ነው።»

«ሲገባኝ አፈርኩ። የማይረሳውን ቀን የሚጠይቅ አንድ አዲስ ጥያቄ ጨምሬ በሦስተኛው ዙር ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሰው ተራውን እንዲያደባልቀው አደረግኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ለጋሽ መላጊያ የነገርኳቸው የሁለተኛውን ዙር ነገር ብቻ ነው። ‹ሙጫ ነው ያለሽ?› አሉና መሳቢያቸውን ጥለው ወጡ።»

ወንፊት ወደ ሙጫ ዞረች። «የእርስዎ ስልክ ላይ መጀመሪያ የመጣው ስለ ሽንት ቤቱ ነው። አላነበቡትም። አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ሰባቱን ጥያቄ በሃያ ሁለት ሴኮንድ ጨርሰዋል፤ የማይረሳው ቀን ጋ አንዲት ነጥብ አስቀምጠዋል። አይፈረድብዎትም፣ ውሳኔዎ ድሮ አልቋል። ግን ‹የማይረሳው ቀን› ፊት የመጣው በአንድ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ከዛ ጣራው፣ ከዛ መንገዱ። የማን ስልክ ይመስልዎታል?»

ሙጫ ከንፈሩን ላሰ።

«መጠይቁን ከልብዎ ያነበቡት አንዴ ብቻ ነው፤ የሟቹን መልስ ማስመሰል ስላለብዎት። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብዎት። አእምሮዎ የያዘው ያንን ተራ ነው።»

«አልገደልኩትም!» አለ ሙጫ። «‹በኔ ጭንቅላት ላይ ጥያቄ ታሰልፋለህ?› ብሎ ደረቴን ያዘኝ። አስለቀቅኩት። ደረጃው…» እጁን ወደ ደረጃው ዘረጋ። «ሰላሳ ዓመት ‹የጋሽ መላጊያ ሰው› ነው የምባለው። የአዲሱ ሕንፃ ባለቤት ‹እዛ አንተ ነህ አለቃው› አለኝ። አንዴ፣ አንዴ እንኳ…»

«ሲወድቁ አይተው ሰው አልጠሩም» አለች ወንፊት። «ስልክ ነው ያነሱት። ከዛ ጥፋቱን በሟቹ ልጅ ላይ አላከኩ።»

አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ የሚባለውን ሹፌሩ ሊተርት አፉን ከፈተና የልጅቷን ፊት አይቶ መልሶ ዘጋው።

«ምን ብሎ ነው የጻፈው?» አለች ልጅቷ። «አባቴን ሆኖ። የማይረሳው ቀን ብሎ ምን ጻፈ?»

ጸሐፊዋ ወንፊትን አየቻት። ወንፊት ራሷን ነቀነቀች። ጸሐፊዋ አነበበች፦ «‹ልጄ መጀመሪያ መላጊያ የያዘችበት ቀን። ፍቅፋቂው ፀጉሯ ላይ ሞልቶ ትስቅ ነበር።›»

ልጅቷ ወደ ሙጫ ዞረች።

«የዛን ቀን አባቴ አልነበረም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «እንጨት ሊገዛ ሄዶ ነበር። ሰባት ዓመቴ ነው። እጄን ይዘህ ያስገፋኸኝ አንተ ነህ አጎቴ።»

ሙጫ ጠረጴዛውን ተደገፈ። ረዳቱ ካቴናውን ይዞ ቢጠጋውም ያየው አልመሰለም።

«እሱ ምን ይል እንደነበር አሰብኩ» አለ። «ብዙ አሰብኩ። ሌላ ቀን አልመጣልኝም።»

ልጅቷ የደረቀውን ብሩሽ ከጣሳው ነቅላ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ሙጫን ሲወስዱት ዞራ አላየችውም። ኮላው እንደማይላቀቅ እያወቀች ብሩሹን ታሸዋለች።