የሞቁ ድንጋዮች

ቅዳሜ ጠዋት ትርሲት ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው፤ ትልልቆቹን ከታች፣ ትንንሾቹን ከላይ። በመጨረሻም በሳምንቱ ውስጥ ከማዕበል መከላከያው ግንብ ሥር የለቀመችውን አዲስ ድንጋይ ጨመረች። ግራጫ ነው፤ ወገቡ ላይ ነጭ መስመር አለው። ቦርሳውን አንስታ ክብደቱን በእጇ መዘነች። ካለፈው ሳምንት ከብዷል። መክበድም ነበረበት።

የምትኖርባት ሐልና በሰሜን ባሕር ላይ የምትንሳፈፍ ከተማ ናት፤ በወፋፍራም የብረት ገመዶች ከባሕሩ ወለልና ከአካባቢው ደሴቶች ጋር ታስራለች። የትርሲት ሥራ የገመዶቹን ውጥረት መለካት ነው። የሥራ ባልደረባዋ ደምመላሽ እንደ እሷ ከኢትዮጵያ የመጣ ነው። ጀልባው ድረስ ሊሸኛት መጥቶ ቦርሳውን ሲቀበላት ትከሻው ወደ አንድ ጎን ጋደለ።

"አንቺ ልጅ፣ እዚያ ደሴት ላይ ቤት ልትሠሪ ነው እንዴ?"

"ልማዳቸው ነው አልኩህ እኮ። እንግዳ ሲሄድ ድንጋይ ይሰጡታል፤ ሲመለስ ይዞት ይመጣል። ሳይመልስ ከቀረ ወዳጅነቱ አበቃ ማለት ነው።"

"እሱማ አንድ ድንጋይ ነዋ! ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?"

"የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል ታዲያ? እናትህ የጎረቤት ሳህን ባዶውን መልሰው ያውቃሉ?"

"ሳህንና ድንጋይ አንድ ሆኑልሽ! አሮጊቷስ? ጭማሪውን ያስቀራሉ?"

"ሁሉንም መልሰው ይሰጡኛል።"

"በቃ፣ ሁለት እብዶች ተገናኝታችኋል።" ሳቀ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የሰኞውን ነገር ግን ዛሬ ጠይቂያቸው። አለበለዚያ ቋጥኝሽን ተሸክመሽ አገርሽ መግባትሽ ነው።"

እሷም አልረሳችውም። የመኖሪያ ፈቃዷ ሰኞ ያበቃል። የሐልና ሕግ ፈቃድ የሚያድሰው አንድ የአገሩ ተወላጅ ጆሮውን ባዶ አድርጎ፣ ማለትም ያለ ለዛ፣ "ይህችን ሰው አውቃታለሁ" ብሎ ዋስ ሲሆን ብቻ ነው። ለዛ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፍ፣ ቋንቋን ብቻ ሳይሆን ወግንም የሚያስተረጉምና በወግ ጉዳይ የሚመክር መሣሪያ ነው። የጀልባው ሠራተኛ "ትኬት" ሲል ትርሲት የምትሰማው "እንደምን አደርሽ እህቴ፣ እስቲ ትኬትሽን" ነው። ሌላው መንገደኛም በየራሱ አገር ለዛ ይሰማል። ይህ ስለተለመደ የሚገርመው የለም።

ያለ ለዛ ማን ያውቀኛል ብላ ስታስብ የመጣላት ስም አንድ ብቻ ነበር፦ ማርጊት። ባልቴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ የዓሣ መረብ ሲጠግኑ ኖረዋል። ከከተማዋ ገመዶች አንዱ ሶርክ በሚባለው ደሴት፣ እሳቸው ጓሮ ውስጥ ታስሯል። ትርሲት ከዓመት በፊት ገመዱን ልትለካ ስትሄድ ሾርባ አቀረቡላት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ነፃ ስትሆን እዚያ ትሄዳለች።

"ግቢ ልጄ፣ ግቢ! ብርዱ አይምታሽ በሞቴ" አሉ ማርጊት በሩን ከፍተው፤ ድምፁ እንደወትሮው ማር የመሰለ ነበር።

ትርሲት ቦርሳውን ፈታ ድንጋዮቹን ጠረጴዛው ላይ መደርደር ጀመረች። ውጭ ነፋሱ በረታ። ገመዱ ተወጥሮ ሲያቃስት ጆሮዋ ላይ የተለጠፈው ለዛ እየተቆራረጠ ጮኸ። ቀጥሎ ያው የምታውቀው ረጋ ያለ ድምፅ ተናገረ፤ ምክሩ ግን ለእሷ ሳይሆን ለማርጊት ነበር።

"እንግዳዋ ድንጋይ ይዛ መጥታለች። በአገሯ ወደ ወዳጅ ቤት ድንጋይ ይዞ መሄድ የቆየ ልማድ ነው። በአክብሮት ይቀበሉ። ስትሄድ ይመልሱላት፤ አለበለዚያ ትቀየማለች።"

ትርሲት ባለ ነጭ መስመሩን ድንጋይ እንደያዘች ቆመች። መለኪያ የተሳሳተ ሲመስላት ሁልጊዜ እንደምታደርገው ከመደንገጧ በፊት ለማጣራት ጠየቀች፦ "ለዛ፣ ድንጋይ መስጠት የማን ልማድ ነው?"

"የማንም አይደለም።"

"ታዲያ ለምን አልከን?"

"በመጀመሪያው ቀን ሁለታችሁም እንደገና መገናኘት ፈልጋችሁ ነበር፤ ሁለታችሁም አልተናገራችሁም። የተዋሱት ነገር ሰውን ይመልሳል። ከሁለቱም አገር የሚስማማ ልማድ ስላልተገኘ አዲስ ተዘጋጀ።" የአየር ጠባይ የሚናገር ይመስል ነበር።

ዓመቱን ሙሉ ከሰማችው ውስጥ የማርጊት የትኛው ነው? "ልጄ" ያሏት እሳቸው ናቸው? ለዛውን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ማርጊት ፊቷን አይተው ግራ ተጋቡና የራሳቸውንም ነቀሉ።

"ምን ሆንሽ?"

ድምፃቸው ሻካራ ነበር፤ የማርጊትን ድምፅ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ትርሲት ማታ ማታ የተማረችውን ትንሽ የአገሩን ቋንቋ መፈለግ ጀመረች።

"ድንጋይ። እኔ አገር... የለም።"

"የለም?"

"የለም። እዚህስ?"

ማርጊት የተደረደሩትን ድንጋዮች፣ ከዚያ እሷን፣ ከዚያ እንደገና ድንጋዮቹን አዩ። "እዚህም የለም" አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ትርሲት የቀራት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ካልጠየቀች ደግሞ ሌላ ቀን የላትም። "ሰኞ ዋስ እፈልጋለሁ። አውቃታለሁ የሚል ሰው።"

 አሮጊቷ "አላውቅሽም" አሉ፤ በክፋት አልነበረም። በጣታቸው ለዛውን ጠቆሙ። "የማውቀው ይሄ ያለኝን ነው።"

ትክክል ናቸው። እሷም ብትጠየቅ የምትመልሰው ይህንኑ ነበር። ባዶ ቦርሳዋን አጥፋ ወደ በሩ ዞረች።

"ቆይ" አሉ ማርጊት። "ለዛው፣ የሰጧትን ትመልሳለች አለኝ። አንቺ ግን ሁልጊዜ ትጨምሪያለሽ። ጭማሪውን ማን አዘዘሽ?"

"ማንም።"

"ታዲያ ለምን?"

ቃሉ ጠፋባት። ከጠረጴዛው ላይ ሳህን አንስታ ለማርጊት አቀበለች፤ መልሳ ተቀበለችና ባዶውን ሳህን እያሳየች ራሷን ነቀነቀች። "ነውር" አለች፤ ይህችን ቃል ታውቃታለች። ከዚያ ሳህኑ ላይ አንድ ድንጋይ አስቀምጣ አቀረበችላቸው።

ማርጊት ሳህኑን አዩና መሳቅ ጀመሩ። ሳቃቸው ሳል የተቀላቀለበት ነበር፤ ይሄንንም ለዛው አሰምቷት አያውቅም።

"እርስዎስ?" አለች ትርሲት። "ሲሰጡኝ ድንጋዮቹ ሁልጊዜ ትኩስ ናቸው። ማሞቁን እሱ ነው ያዘዘዎት?"

"እሱ ምን ያውቃል! ጀልባው ላይ ይበርዳል። ጓንት አታደርጊም!" አሉ እንደ መቆጣት ብለው፤ ድንጋዮቹንም ወስደው ምድጃው ላይ ደረደሯቸው።

ከሰዓት በኋላ ጀልባው ሲመጣ ማርጊት ቦርሳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። ለዛቸው ቤት ቀርቷል።

"ሰኞ ስንት ሰዓት ነው?"

ትርሲት ነገረቻቸው።

"እመጣለሁ። መጨመርሽን አውቃለሁ፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይታወቃል።"

ጀልባው ከራቀ በኋላ ትርሲት የለዛውን ብልሽት ልትፈትሽ መልሳ ለጠፈችው። ጩኸቱ ጠፍቷል።

"አዲስ የወግ መረጃ፦ በሶርክ ደሴት የቆየ ልማድ መሠረት ለእንግዳ የሚሰጥ ድንጋይ ይሞቃል፤ ሲመለስም ብቻውን አይመለስም።"

ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ባልና ሚስት ደሴቱን ሊጎበኙ መጥተው ወደ ሐልና የሚመለሱ የሩቅ አገር ሰዎች ናቸው። እጃቸውን ወደ ጆሯቸው ሰደዱ፤ አዳመጡ፤ ከዚያም ትልቅ ነገር እንደተረዳ ሰው በአክብሮት ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትርሲት ልታርማቸው አፏን ከፈተች። የቆየ አይደለም፤ አንዲት አሮጊት የአንዲት ሴት እጅ እንዳይበርድ ስላሰቡ ነው፣ ልትላቸው። ግን የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም ያለው መጀመሪያ ማን ነበር? እሷም አንዲት ሴት ትሆን ይሆናል፤ ባዶ ሳህን ይዛ ደጅ ላይ ቆማ ያፈረች። ወይም ሌላ ነገር ነው። ልትለየው አልቻለችም።

አፏን ዘጋች፤ ሁለቱንም እጆቿን ቦርሳው ውስጥ ከተተች። ድንጋዮቹ ገና ትኩስ ነበሩ።